የሁለተኛው አልጋ ክብደት

የካቲት 14 ቀን 1987፣ ማክሰኞ

ሳጥኑ ደረሰ። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከዚህ ድረስ አቅፌው መጣሁ። ሾፌሩ "ሲስተር እሙዬ፣ ሕፃን ነው እንዴ?" እያለ መንገዱን ሁሉ ሲያላግጥብኝ ነበር። ይሳቅ። በረዶው ግማሹ ቀልጧል፣ ብልቃጦቹ ግን ደህና ናቸው። ቆጥሬ ማቀዝቀዣው ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። እዚህ አገር ያልተቆለፈ ነገር አያድርም።

ጥናቱን አዲስ አበባ ሆነው የሚመሩትን የዶክተር አብኔርን ደብዳቤ ሦስቴ አነበብኩት። መድኃኒቱ ለሌላ ዓይነት ካንሰር ሲሰጥ የኖረ ነው፤ ለኩላሊት ካንሰር ይሠራ እንደሆነ ገና የሚያውቅ የለም። ያንን ነው የሚሞክሩት። በአገሩ ሁሉ ስድስት ሕመምተኞች አሉ፤ ሁለቱ የእኛ ናቸው። ለሕክምና አዲስ አበባ ተልከው ነበር፤ ይበርዳል፣ ሰው የለንም ብለው ወደዚህ ስለተመለሱ መድኃኒቱ ተከትሏቸው መጣ። በየረቡዑ መጀመሪያ ሚዛን፣ ቀጥሎ መርፌ። ሕመምተኛው ከመነሻ ክብደቱ አንድ አሥረኛውን ካጣ መድኃኒቱ ይቆምበታል። ዶክተሩ ይህችን ሁለት ጊዜ አስምረውባታል።

ከደብዳቤው ግርጌ ደግሞ፦ "ሥራሽን አይቼ ለዝውውርሽ እጽፍልሻለሁ።" ሰባት ዓመት ሙሉ ስለምነው የኖርኩት ነገር ነው።

የካቲት 15፣ ረቡዕ

አልጋ ሁለት፦ ኮአንግ። ኑዌር ነው፣ ከኢታንግ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እግሩ ከአልጋው ያልፋል። 61 ኪሎ። ስለዚህ ከሃምሳ አምስት ከወረደ አለቀ ማለት ነው። ጎኑ ላይ ያለው እብጠት በሜትር ሲለካ 12 ሳንቲ።

አልጋ አንድ፦ አንጀሊና። እሷም ኑዌር ናት፣ ሃምሳን አልፋለች፣ 48 ኪሎ።

አንዳቸውም አማርኛ አይችሉም። የሚያስተረጉምልኝ ኦጅዋክ ነው፤ የክፍሉ ምግብ አመላላሽ። አኙዋክ ነው፣ ግን ኑዌርኛ ያውቃል። ሁለቱ አንድ ክፍል እንዲተኙ ሳዝ "ሲስተር፣ አንድ ላይ ጥሩ አይደለም። ሰውየው ያፍራል" አለኝ። ሆስፒታል ውስጥ ምን ዓይነት እፍረት ነው? መጋረጃ አለ አልኩት። መጋረጃው እርግጥ ከወገብ በታች የለውም። ዋናው ነገር ሁለቱም ዓይኔ ሥር መሆናቸው ነው።

የካቲት 20፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ሙቀቱ ከአሁኑ አንገቴን አንቆ ይዞኛል።

አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። የምግብ ጋሪው ድምፅ ሲሰማ አንጀሊና ትነሳለች። ልብሷን ተከናንባ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ፣ ትወጣለች። ሳህኖቹ ሲነሱ ትመለሳለች። በዚህ ፀሐይ! ወዴት ነው?

የካቲት 22፣ ረቡዕ

ኮአንግ 61። አንጀሊና 47.5፤ ታስመልሳለች። እሱ ሳህኑን ጠርጎ ነው የሚበላው።

የካቲት 29፣ ረቡዕ

61.5! እብጠቱም 11። ሁለት ጊዜ ለካሁት፣ ሜትሩን ቀይሬም ለካሁት። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ደስታዬን ጠረጠርኩት። እዚህ የመጣ መልካም ነገር ሁሉ ተከትሎት የሚመጣ ክፉ አያጣም።

የአንጀሊናን መሄጃ ደርሼበታለሁ። ከግቢው ዳር ያለው ኒም ዛፍ ሥር፣ ጀርባዋን ለክፍላችን ሰጥታ ትቀመጣለች። አልፎ አልፎ ሰው መጥቶ ያናግራታል። ምንድን ነው የሚያወሩት? ትናንት ሻይ ቤት ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሰው "ለምን ደገኛው ላይ አይሞክሩትም?" ሲል ሰምቻለሁ። ዞር ብዬ ከስድስቱ አራቱ አዲስ አበባ ናቸው ልለው ነበር። ተውኩት። አገሩ ክልል ከሆነ ወዲህ እኛ ደገኞች ሻይ ቤት ውስጥ ዞር አንልም፤ ይልቁንም ምርጫው ሊደርስ ነው እየተባለ ግማሹ ደገኛ ሻንጣውን አዘጋጅቷል።

መጋቢት 3፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ በክፍሉ አለፍኩ። አንጀሊና ውኃ ልትቀዳ በኮአንግ አልጋ አጠገብ ስታልፍ አንሶላውን ወደ ፊቱ ሳበ። እሷም ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ አለፈች። ሦስት ሳምንት ሊሞላቸው ነው፤ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ቋንቋቸው አንድ፣ በሽታቸው አንድ፣ ግድግዳቸው አንድ! እኛ ብንሆን እስካሁን አበልጅ ሆነን ነበር።

የደም ነገር ሳይኖር አይቀርም። አንዱ የሌላውን ዘመድ ገድሎ ይሆናል። እሷ ደግሞ ምግብ በመጣ ቁጥር ትወጣለች። ምግቡን ማን ነው የሚነካው? ኦጅዋክ። አኙዋክና ኑዌር ደግሞ እንዴት እንደማይዋደዱ ማን ሊነግረኝ ነው? ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ።

መጋቢት 4፣ ሰኞ

ኒሙ ሥር ነጭ ክኒን አገኘሁ። ተረግጦ ጽሑፉ አይነበብም፣ ግን ለአንጀሊና የምሰጣት የማስመለስ መከላከያ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ለዚህ ነዋ የምትወጣው፤ ክኒኗን ልትጥል!

ከዛሬ ጀምሮ በምግብ ሰዓት ከአልጋ መውረድ የለም። መጋረጃውንም አስነሣሁት፤ ለነገሩም ቅዳጅ ነበር። ኦጅዋክ ከማስተርጎሙ በፊት ወደ እኔ ዞረ።

"ሲስተር፣ ሴትዮ ወጥታ ይሻላል።"

"ለማን ነው የሚሻለው?"

እግሩን አየ። "ለሁሉም ሰው።"

ይህን አነጋገር አልወደድኩትም። የሚያስፈራራ ሰው አነጋገር ነው።

መጋቢት 6፣ ረቡዕ

ኮአንግ 61፤ እብጠት 10። ክፍሉ አሁን ሥርዓት ይዟል።

መጋቢት 13፣ ረቡዕ

58.5። ሚዛኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ራሴ ወጣሁበት። አልተበላሸም፤ እኔም በጾሙ ቀንሻለሁ። እብጠቱ 9.5። እየሟሟ ነው! ሰውየውስ ለምን ይሟሟል?

መጋቢት 15፣ ዓርብ

ያዝኩት።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ኦጅዋክ የኮአንግን ሳህን ይዞ ቆሞ ይበላል። ቁጥር ሁለት የሚል ቀለም ያለበት ሳህን ነው፣ ራሴ ነኝ የጻፍኩበት።

"እሱ ነው የሰጠኝ" አለ ሳይደነግጥ። "አልበላም አለ። መድፋት ነውር ነው።"

"በቀን ሦስቴ አልበላም ይላል?"

"አዎ። ሴትዮ ከተቀመጠች በኋላ።"

ይኸውና ነገሩን ወደ እኔ ሊያዞረው! ከታመመ ሰው አፍ የሚነጥቅ ሰው ምን አይልም። ለአስተዳደሩ ጽፌ ከክፍሉ አስነሣሁት። በር ጥበቃ ላይ መደቡት። የሚመጣው አዲሱ ልጅ ኑዌርኛ አይችልም። አያስፈልገኝም፤ ሚዛን ቋንቋ የለውም።

መጋቢት 17፣ እሑድ

እንቅልፍ አጣሁ። ኦጅዋክ አራት ልጆች አሉት ይላሉ። ጥበቃም ደመወዙ ያው ነው፤ ምንም አልጎዳሁትም። ግን በበሩ ሳልፍ ተነሥቶ ቆሞ "ሲስተር፣ እንደምን አደርሽ" አለኝ። እንደ ወትሮው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 20፣ ረቡዕ

57። እብጠት 9።

ከቅዳሜ ጀምሮ ቁርሱንም ምሳውንም እራቱንም ኮአንግ አልጋ አጠገብ ወንበር አድርጌ፣ ደብተሬን ይዤ እቀመጣለሁ። ቅጹ ላይ "ምግብ፦ በዓይኔ ሥር" ብዬ እፈርማለሁ። ሌባ ካለ እስቲ አሁን ይምጣ።

አይበላም። አንድ ጉርሻ ይጠቀልልና ይዞት ይቀመጣል። ግድግዳውን ያያል። ብላ እያልኩ በእጄ ወደ አፌ አሳየዋለሁ፤ ዓይኑን ይጨፍናል። ማዶ አንጀሊና አንሶላዋን እስከ ራሷ ተከናንባ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ሁለቱም ተሸፋፍነው እኔ መሃላቸው ቁጭ ብዬ ዝንብ እሽ እላለሁ። ሰው ቢያየን ለቅሶ ቤት ይመስለዋል።

ለዶክተሩ ጻፍኩ፦ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎቱን ሳይቀንሰው አልቀረም።

መጋቢት 22፣ ዓርብ

አንሶላ ስቀይር ከኮአንግ ትራስ ሥር አራት ፓኮ ብስኩት። አንደኛው ግማሽ ድረስ ተበልቷል። ማን አመጣው? በመስኮት ነው የገባው። በጥናቱ መዝገብ ያልገባ ምግብ ክልክል ነው፤ ምን እንዳለበትስ ማን ያውቃል? ወሰድኩት። እጁን ዘርግቶ ነበር፣ ከዚያ መለሰው። አንዲት ነገር በቋንቋው ተናገረ፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው ሽማግሌን እንደሚለምነው።

አልገባኝም። ብስኩቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩት።

መጋቢት 27፣ ረቡዕ

55.5። እብጠት 8። ጣቶቼን አምኛቸዋለሁ፤ ስነካው ጠርዙ እየሸሸ ነው። በዓይኔ አይቼው የማላውቅ ነገር ነው። ይህ ሰው ከካንሰሩ ሊድን፣ ወይም ልጅ ካለው ቢያንስ ልጁ ሲያድግ ሊያይ ይችላል። ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው የቀረው።

አምላኬ፣ ምን በድዬ ነው? ያላደረግኩት ምን አለ? ከወንበሩ ላይ ተነሥቼ አላውቅም።

ሚያዝያ 4፣ ረቡዕ

54።

ሦስቴ መዘንኩ። መርፌውን አልወጋሁም። ዶክተር አብኔር ሰኞ ይመጣሉ።

ሚያዝያ 9፣ ሰኞ፣ ሕማማት

ዶክተሩ መጡ። ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ሲናገሩ መነጽራቸውን የሚያወልቁ ሰው ናቸው። እብጠቱን ዳስሰው ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አላነሡም። "ይገርማል" አሉ። ከዚያ የክብደቱን መስመር አዩ።

"ምን ይሰማዋል? የሚያስተረጉም አለ?"

"የለም ዶክተር" አልኩ። ኦጅዋክ በሩ ላይ ነበር፣ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

ቅጾቹን አንድ በአንድ ገለጡ። "በዓይኔ ሥር፣ በዓይኔ ሥር... ሲስተር እሙዬ፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ ከየትም አልመጣልኝም። የሌላ ሰው ቢሆን ምግብ አላገኘም ብዬ እጠራጠር ነበር። ያንቺን ግን መጠራጠር አልችልም። መድኃኒቱ ዕጢውን ያሳንሳል፣ ሰውየውን ግን ይጨርሰዋል ማለት ነው። ለእሱ ይቁም። የሌሎቹንም መጠን በግማሽ እንቀንሳለን።"

የዝውውር ደብዳቤዬን ጽፈውታል። ቦርሳቸው ውስጥ አሳዩኝ፤ ማኅተም አለበት። ሐሙስ ሲሄዱ ይዘውት ሄደው ራሳቸው ሚኒስቴር ያስገቡታል።

ኮአንግ ሲነገረው (በምልክት ነው፣ መርፌውን አሳይቼ እጄን አወናጨፍኩ) ሚዛኑን ነው ያየው እንጂ እኔን አላየኝም።

ሚያዝያ 10፣ ማክሰኞ

የኮአንግ ሚስት መጣች፣ ልትወስደው። ሰውዳ ትባላለች። አራስ ስለነበረች ነው እስካሁን ያልመጣችው፤ ሕፃኑን አዝላዋለች። እዚህ ከተማ ነው የተማረችው፣ አማርኛ ትናገራለች።

ወደ ክፍሉ ገብታ አንጀሊናን ስታይ ሮጣ እግሯ ሥር ተቀመጠች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አክስቴን ለምን እዚህ አስቀመጥሻት?"

"አክስትሽ ናት?"

"የእናቴ እህት። ለእኛ እናት ማለት ናት። ለእሱ አማቱ ናት። አማት ፊት አይበላም። እሷ ታውቃለች፣ ለዚያ ትወጣ ነበር። አንቺ ከለከልሽ። ምግብ በመጣ ጊዜ እሷን አስቀመጥሽ፣ ራስሽም ተቀመጥሽ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገረም?"

"እሱን መናገር ራሱ ነውር ነው። ደግሞ በማን አፍ ይናገር? ኦጅዋክን አባረርሽ። ኦጅዋክ በገንዘቡ ብስኩት ገዝቶ በመስኮት ሲሰጠው ነበር። ማታ አክስቴ ስትተኛ ይበላ ነበር። እሱንም ወሰድሽ፤ ከዚያ ወዲህ ለሌሊት የደበቃት ቁራሽ ብቻ ናት ያቆየችው።"

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ መልስ አላጣም ነበር። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ የባሏን ዕቃ በአንድ ፌስታል ከተተች። ከሰዓት በኋላ በጭነት መኪና ሄዱ።

የነገራት ኦጅዋክ ነው፤ በሩ ላይ አግኝቷት። ለእኔም ነግሮኝ ነበር? "ያፍራል" ነበር ያለኝ። እንዲህ ብሎ ግልጽ አድርጎ አልነገረኝም። አልነገረኝም።

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ክብደቱ መውረድ የጀመረው ከመጋቢት 6 በኋላ ነው። እኔ ያዘዝኩት መጋቢት 4 ነው።

ምናልባት መድኃኒቱም ይሆናል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ሚያዝያ 11፣ ረቡዕ

ዶክተሩ ያረፉበት ሆቴል ሄድኩ። ምሳ ላይ ነበሩ፤ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ስለ ጥጥና ስለ አልኮል እጥረት አወራሁ። ስለ በረዶ ሳጥኑ አወራሁ። ወጣሁ።

እናቴ ደብረ ታቦር ብቻዋን ናት። ዓይኗ እየደከመ ነው። ለእኔ የሚሆን ሌላ ዕድል አይመጣም።

ኮአንግ ከእንግዲህ ቢበላም መድኃኒቱ ቆሟል። እብጠቱ ተመልሶ ይመጣል። አንጀሊናም ግማሽ መጠን ልትወስድ ነው፤ ሌሎቹ አራቱም፤ ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸው። ሁሉም በእኔ ፊርማ።

ሚያዝያ 12፣ ጸሎተ ሐሙስ

ማታ ላይ። ረጋ ብዬ ልጽፈው እሞክራለሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው ስደርስ ዶክተሩ ዕቃ እያስመዘኑ ነበር። ሩጫዬን አይተው የሞተ ሰው ያለ መሰላቸው።

"ዶክተር፣ ኮአንግን ያከሳው መድኃኒቱ አይደለም። ምግብ አልበላም ነበር።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "እያንዳንዱ ምግብ በዓይኔ ሥር ብለሽ ፈርመሻል እኮ።"

"አዎ። በዓይኔ ሥር ስለሆነ ነው ያልበላው።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። የአማቱን ነገር፣ ኒሙን፣ ወንበሩን፣ ብስኩቱን፣ ኦጅዋክን። አስተርጓሚ የለም ያልኳቸውንም ነገርኳቸው፤ እሱ ከሁሉ ይልቅ አስቸገረኝ። ሰው እየሰማን ነበር። ይስማ።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ማክሰኞ።"

"ዛሬ ሐሙስ ነው" አሉ። ቅጹን አውጥተው ሻንጣቸው ላይ ዘረጉልኝ። "ጻፊው። ከነስምሽ፣ ከነቀኑ።"

ቆሜ ጻፍኩት። እስክሪብቶውን ተጭኜ ሁለት ቦታ ቀደድኩት። አንብበው ከቦርሳቸው ያንን ባለ ማኅተም ደብዳቤ አወጡና ሰጡኝ። አልቀደዱትም፤ "ይህን እኔ ላስገባ አልችልም" ብቻ ነው ያሉት። እውነታቸውን ነው። የሌሎቹ መጠን እንዳለ ይቀጥላል። ኮአንግ እስከ ሚያዝያ 25 ሃምሳ አምስት ኪሎ ሞልቶ ከተመለሰ መርፌው ይቀጥልለታል፤ ካልተመለሰ እሳቸውም የሚያደርጉት የለም።

ስመለስ በሩ ላይ ቆምኩ። ኦጅዋክ እንደ ወትሮው ተነሣ። ይቅርታ አልኩት።

"እኔ ነግሬሽ ነበር" አለ።

"ነግረኸኝ ነበር።"

ከዚያ "ነገ ወደ ኢታንግ የሚሄድ መኪና አውቃለሁ" አለኝ።

ሚያዝያ 13፣ ስቅለት

ቤተ ክርስቲያን መሆን ነበረብኝ። ከኦጅዋክ ጋር የበቆሎ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ኢታንግ ሄድኩ። አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ገባ። መንገዱን ሁሉ ብዙም አልተነጋገርንም፤ አንድ ጉድጓድ ላይ ስንዘል ብቻ ከረጢቱን እንድይዝ አሳየኝ።

ኮአንግ ከወንድሙ ቤት ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሰውዳ አጠገቡ ናት። ጉንጩ በሦስት ቀን ብቻ የተለወጠ መሰለኝ፤ ወይም እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ዶክተሩ ያሉትን ነገርኳት፣ አስተረጎመችለት። አንጀሊናን ሌላ ክፍል አስገብቻለሁ አልኩ። እኔም በምግብ ሰዓት አልገባም፤ ምግቡን ኦጅዋክ ነው የሚያመጣው፣ አስተዳደሩ ፈቅዷል። ኮአንግ እስከ መጨረሻው አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

"መድኃኒቱ አለ ወይ ይላል" አለች።

"አለ። ብልቃጦቹ አልተነኩም።"

ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። ከዚያ "ማክሰኞ" አለ፤ በአማርኛ። ማክሰኞ ሊመጣ ነው።

ሰውዳ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች፤ ስትመለስ በቅል የማሽላ ገንፎ በወተት ይዛለች። ፊቴ አስቀመጠችው። እግዜር ይስጥልኝ፣ አልበላም አልኳት።

"ከመንገድ መጥተሽ!"

"አልችልም፣ እኅቴ።"

"ምግባችንን ንቀሽ ነው?"

ስቅለት ነው፣ እጾማለሁ ብላት ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ሰውዳ ቅሉን ይበልጥ ወደ እኔ ገፋችው። ኮአንግ ቀና ብሎ አየኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገራትና ቅሉን አንሥታ ወደ ቤት መለሰችው።

"ምን አላት?" አልኩ ኦጅዋክን።

"አትጠይቂያት አለ። የማትበላበት ነገር ይኖራታል አለ።"

አንዴ ብቻ አይቶኝ ነው ይህን ያለው። እኔ ከሦስት ሳምንት በላይ ደብተር ይዤ ፊቱ ተቀምጬ ነበር።